የቀድሞ የሴት ስሞችና «የመካከል ስም» የሚለው ስያሜ

ወላጆች ለተወለደችላቸው ልጅ የአያቶቻቸውን ዘመን ስም ሲመርጡ የሚስባቸው የስሙ ድምፅ ብቻ ነው ብለን አንገምትም። ከቀድሞዎቹ የሴት ስሞቻችን ብዙዎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ተናጋሪ አላቸው። ይህ ጠባያቸው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ ችግር ስለሚፈጥር ጥቂት እናብራራለን።

ወርቅነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ፣ በላይነሽ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው «ነሽ» ሁለተኛ መደብ አንስታይ ነው። ስም አውጪው ልጂቱን ፊት ለፊት ያነጋግራታል፤ ስሟን የሚጠራ ሁሉም ያንኑ ቃል ሳያስበው ይደግምላታል። ተዋበች፣ አበበች፣ ደመቀች ግን ስለ እርሷ ለሌላ ሰው የሚነገሩ የሦስተኛ መደብ ኃላፊ ግሦች ናቸው። እጅጋየሁ ከሁሉም ትለያለች። «እጅግ አየሁ» የምትለው ልጂቱ አይደለችም፣ ወላጇ ናት እንጂ፤ ያየችው መከራ ይሁን ደስታ ሳይገለጽ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች። በጣይቱና በዘውዲቱ መጨረሻ የምናገኘው «ቱ» ደግሞ በንግሥቲቱና በአሮጊቱ የምናውቀው ነው።

ሥርዓቱ ዛሬም አልሞተም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ቅሪተ አካል በውጭ አገር ከዘፈን በተወሰደ ስም ሉሲ ስትባል፣ በአማርኛ ድንቅነሽ ተብላለች። ስሟን «ድንቅ» ብሎ ብቻ የሚተረጉም «ነሽ»ን ይጥላል፤ አንድ ሰው እያነጋገራት መሆኑ ይቀራል።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሕፃን በግል ስሙና በቤተሰቡ ስም መካከል ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ወላጆችም ለጥንታዊ ስም የሚስማማውን ሲያማርጡ ይሰነብታሉ። በእኛ ልማድ በዚያ ቦታ የሚቆመው የአባት ስም ነው፤ እርሱም አይመረጥም። የውጭ አገር ቅጽ ሲሞላ ግን የአባት ስም የመካከል ስም፣ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ ሴቲቱም በአያቷ ስም ትጠራለች። የባሰው የሚመጣው ስሙ ሲከፈል ነው። የሺእመቤት «የሺ እመቤት» ተብሎ ከተጻፈ ቅጹ «እመቤት»ን ለመካከል ስም ይወስዳል፤ «የሺ»ም ባለቤት የሌለው ዘርፍ ሆኖ ይቀራል።

ለጥንታዊ ስም የሚስማማ ተመራጭ ሁለተኛ ስም ከተፈለገ፣ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ለሴት ልጅ በ80 ቀን የሚሰጠው የክርስትና ስም ይቀርበዋል። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ እቴጌ ምንትዋብም ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። አንዱ ስም አማርኛ፣ ሌላው ግዕዝ፤ አንዱ ለአደባባይ፣ ሌላው ለጸሎት። ሆኖም ይህ ስም ከግል ስም ጎን ተሰልፎ በቅጽ ስለማይጻፍ አቻ ነው ማለት አይቻልም።

የተጸውዖ ስም በመዝገበ ቃላት ቦታ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኛም አንድ ጊዜ እንዲሁ እናስብ ነበር። አሁን ግን ቢያንስ የስሙ መደብና አከፋፈል ሊመዘገብ ይገባል እንላለን። «የመካከል ስም»ም የባዕድ ልማድ መጠሪያ መሆኑ ተገልጾ ይግባ፤ «የአባት ስም» አቻው ሆኖ አይሰጥ። ተርጓሚውም ባለ ስሟ የሺእመቤት ብላ አንድ አድርጋ የጻፈችውን ሁለት አያድርገው።