ቆቅና ጀማሪ አዳኝ

በመካነ ሰላም አቅራቢያ፣ በገደል አፋፍ ላይ የቆቅን የማለዳ ጩኸት የሰማ ወጣት ጠመንጃ ቢያምረው አንፈርድበትም። ነገር ግን ምንሽርና ውጅግራ ሲተኮስ እያየ ያደገ ሰው፣ የወፍ ጠመንጃ በያዘ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሳሳተው በርቀት ነው። የምንሽር ጥይት አንዲት ስትሆን ሩቅ ትሄዳለች። የወፍ ጠመንጃ ግን ብዙ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ የሚበትን ስለ ሆነ፣ ከ35 ሜትር በኋላ ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፤ ጉልበታቸውም ይደክማል። ቆቋ ቆስላ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች፤ አዳኙም «ሳትኋት» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ቆቅ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ትወዳለች። ድንገት ብድግ ስትል ጀማሪው ደንግጦ ባለችበት ላይ ይተኩሳል፤ ፍሬው ሲደርስ እርስዋ አልፋለች። አፈ ሙዙን ከወፏ ጋር እያስኬዱ ጥቂት መቅደም፣ ከተኮሱም በኋላ እጅን ቶሎ አለማቆም ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ዝቅ አድርጎ መተኮስ ነው። ከቁጥቋጦው ማዶ እረኛ ይኖራል፤ ቆቅ መግደል ያቃተው ፍሬ የሕፃን ዓይን ለማጥፋት አያንስም። ከወፏ ኋላ ሰማይ ካልታየን አንተኩስም።

በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከዚያ ውጭም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ይህን የሚጥሰው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ እኛ እናፍራለን።