ለፕሮግራም ሥራ የሚሸጡ ላፕቶፖች የቨርቹዋላይዜሽን ችሎታቸው እንዴት እንደሚመረመር

ላፕቶፕ ኮምፒዩተር የሚያስመጣ ወይም በሱቁ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ቀድሞ ከደንበኛው ይቀርብለት የነበረው ጥያቄ የሜሞሪውንና የዲስኩን መጠን፣ ቢበዛም የባትሪውን ዕድሜ የሚመለከት ነበር። ባሁኑ ጊዜ ግን ፕሮግራም የሚጽፉ ሠራተኞችና የኮምፒዩተር ተማሪዎች «ቨርቹዋላይዜሽን አለው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ነጋዴው ሳያጣራ «አዎን» ብሎ ሸጦ ማሽኑ ያልሠራ እንደ ሆነ ዕቃው ይመለስበታል፤ «የለውም» ብሎ በርካሽ የለቀቀው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ተዘግቶ የቆየ አንድ ማብሪያ ብቻ የጎደለውን ደኅና ዕቃ ከዋጋው በታች ሰጠ ማለት ነው።

ቨርቹዋላይዜሽን ማለት ባንድ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሌላ ሥርዓት ማኖር ነው። ነገሩ አንድን ግቢ ለብዙ ተከራዮች ከማካፈል ጋራ ይመሳሰላል፤ እያንዳንዱ ተከራይ በሩን ዘግቶ ቤቱ የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ይኖራል፤ ግቢውን የሚያከፋፍለውና የሚጠብቀው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ፕሮግራም ጸሐፊው በዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን ለማሠራት፣ ዶከር በተባለው መሣሪያ ለመጠቀም፣ ወይም የአንድሮይድ ስልክ በእጁ ሳይኖር የስልኩን አምሳል በመስኮት ከፍቶ ሥራውን ለመሞከር ይህ ያስፈልገዋል። ፕሮሰሰሩ ራሱ የማያግዝ ከሆነ የስልኩ አምሳል ወይ ጨርሶ አይነሣም፣ ወይም ከመጠን በላይ ይዘገያል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አይ.ቢ.ኤም. ለትልልቆቹ ኮምፒዩተሮቹ ይህን ሥርዓት በ1972 ለገበያ አቅርቦ ነበር። በጠረጴዛና በጉልበት ላይ ለሚሠሩት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ እገዛ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ኢንቴል በ2005 ቪ.ቲ. ኤክስ. የተባለውን፣ ኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ በ2006 ኤ.ኤም.ዲ. ቪ. የተባለውን አወጡ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አንዱ ፕሮሰሰር እገዛው ሲኖረው ሌላው ሳይኖረው ቆየ። ኮር 2 ዱዎ በሚል ባንድ ስም ከተሸጡት መካከል ያላቸውም የሌላቸውም ነበሩ፤ በትንንሾቹ ኔትቡኮች ውስጥ የነበረው አቶም ኤን270 ግን የለውም። ነገሩ ሻጮችን ብቻ ሳይሆን ታላላቅ ድርጅቶችንም አስቸግሯል፤ ማይክሮሶፍት በ2009 ለዊንዶውስ 7 ያወጣው የኤክስ.ፒ. ሞድ ይህን እገዛ የግድ ይጠይቅ ነበርና፣ ብዙ ገዢዎች ስለ ተቸገሩ ግዴታው በ2010 ተነሣ።

ምርመራው አጭር ነው። በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች ባንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ በዚያም ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ሲ.ፒ.ዩ. የሚለው ሲመረጥ፣ ከሥዕሉ በታች ከተዘረዘሩት መካከል ቨርቹዋላይዜሽን የሚል መሥመር ይገኛል። ኢነብልድ ቢል ሥራው አልቋል። ዲሴብልድ ቢል ግን «የለውም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ቃሉ ተዘግቷል ማለት ነውና። ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሌለውንና የተዘጋውን ለመለየት፣ በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት ሲስተምኢንፎ የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ይጻፋል። ከሚወጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ሃይፐር ቪ. የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች ከነመልሳቸው ይታያሉ። ቪ.ኤም. ሞኒተርን የሚጠቅሰው መሥመር የፕሮሰሰሩን ችሎታ፣ ፈርምዌርን የሚጠቅሰው ደግሞ ማብሪያው መከፈቱን ይናገራል። የመጀመሪያው «የስ» ሁለተኛው «ኖ» ከሆነ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ማብሪያው ብቻ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ራሱ «ኖ» ከሆነ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ይዞ በሠሪው ድርጅት ሰንጠረዥ ማመሳከር ነው፤ እዚያም ከሌለ መድኃኒት የለውም። በአራቱ ፈንታ ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል የሚል ቃል የወጣ እንደ ሆነ፣ እርሱ ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ነው ማለት ስለ ሆነ መልካም ምልክት ነው። በሊኑክስ ኤል.ኤስ.ሲ.ፒ.ዩ. የተባለው ትእዛዝ ይበቃል።

የተዘጋውን ለመክፈት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ መግባት ያስፈልጋል። መግቢያው በብዙዎቹ የዴል ማሽኖች ኤፍ2፣ በኤች.ፒ. ኤፍ10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። በኢንቴል ማሽኖች መሥመሩ ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ፣ በኤ.ኤም.ዲ. አብዛኛውን ጊዜ ኤስ.ቪ.ኤም. ይባላል። ከፍቶ ካስቀመጡ በኋላ ማሽኑን ፈጽሞ አጥፍቶ እንደገና ማንሣት ይሻላል።

ትልቁ አደጋ ግን በዚሁ በር ላይ ነው። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው የሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ባዮሳቸው በይለፍ ቃል እንደ ተቆለፈ ይመጣሉ። ፕሮሰሰሩ እጅግ መልካም ቢሆንም ማብሪያው የተዘጋ ከሆነ ሊከፈት አይችልም፤ በቲንክፓዶች ላይ የጠፋ የበላይ ይለፍ ቃል፣ እንደ ሠሪው መመሪያ፣ ዋናውን ቦርድ እስከ መለወጥ ያደርሳል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይህን ቁልፍ አይነካውም። ስለዚህ መቶ ማሽን የሚገዛ አስመጪ አንዱን ናሙና አይቶ ማመን አይበቃውም፤ እያንዳንዱ ማሽን ባዮሱ ሲከፈት ይለፍ ቃል የማይጠይቅ መሆኑ መታየት አለበት።

በፕሮፎርማው ላይም «ኮር አይ5» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ መቀበል አይገባም፤ ይህ ስም ከ2009 ጀምሮ እጅግ በተለያዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ተለጥፏልና። ሙሉ ቁጥሩ፣ የሜሞሪው መጠንና የሚጨመርበት ቦታ መኖሩ ይጻፍ። ቨርቹዋላይዜሽን ያለው ማሽን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ከያዘ ተከራይ ሊያስገባ ክፍል የሌለው ግቢ ነው፤ ለአንድሮይድ ሥራ 16 ጊጋባይት ይመረጣል። ከ2020 ወዲህ አፕል ራሱ የሠራቸው ፕሮሰሰሮች ያሏቸው ማክቡኮች እገዛው አላቸው፤ ይሁን እንጂ ለኢንቴል ተብሎ የተዘጋጀን ዊንዶውስ በዚህ እገዛ በቀጥታ ሊያስተናግዱ አይችሉም፤ ይህም ለገዢው ገንዘቡን ከመቀበል በፊት ሊነገረው ይገባል።