ቆጣሪው ሰዓት አያይም

በአምቦም ሆነ በጉደር ሌሊት እንጀራ መጋገር ሂሳብ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ለመኖሪያ ቤት ግን የሌሊት ዋጋ የሚባል የለም። ታሪፉ የሚያየው በወሩ የፈጀነውን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሌሊቱ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲያበራ ቮልቴጅ ይወርዳል። ኃይል ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው 67 በመቶውን ብቻ ነው። ሸክላው ቶሎ አይግልም፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። መጋገሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ብዙ ሙቀት ወደ አየር ይባክናል፣ እሱንም ቆጣሪው ይቆጥረዋል።

ሸክላ ሙቀት ያጠራቅማል። ስለዚህ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር፣ የመጨረሻዋን እንጀራ ደግሞ ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማውጣት ነው።