«ማን ይዞታል?» ወይስ «የቱን እንግዛ?»
የሥራ ማደራጃ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው! ግን ጎበዝ፣ የትኛውን ሎሚ ማን እንደያዘ ካልታወቀስ? «እኔ እኮ አንተ ይዘኸዋል ብዬ ነው!» «ኧረ እኔ ደሞ አንቺ ነሽ ብዬ!»... ከዚያ ኩርፊያ፣ ከዚያ ስልክ አለማንሳት፣ ከዚያ የጋራ ሥራው መፍረስ። ይሄ የሰነፎች ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የሚጋጩት ብዙውን ጊዜ ትጉዎቹ ናቸው። ሰነፉማ ምን ቸገረው? ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄዷል!

ሰሞኑን ከባሌ ሮቤ የደረሰኝ ደብዳቤም ስለዚሁ ነው። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። አብረዋት ከተማሩ ስድስት ጓደኞቿ ጋር ሆና የባሌ ተራሮችን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶችን ታስተናግዳለች። መኪናው ከሮቤ፣ አልጋው ጎባ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ፣ ፈረሱ ከገበሬው፣ ምግብ አብሳዩ ከሌላ ሰፈር... አንዱ ጉዞ የሠርግ ያህል ድግስ ነው። የደብዳቤዋን ፍሬ ነገር እነሆ፦

«ፈረስ እዘዢ የሚለው መልእክት የተጻፈው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ነበር። ማታ ነው የጻፈው። እኔ ጠዋት ስከፍተው ስለ አርሴናልና ስለ ልደት ኬክ ከመቶ በላይ መልእክት ተደርቦበታል። አላየሁትም። በነጋታው ዲንሾ ላይ እንግዶቹ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ፈረስ የለም። እነሱ ፊት ጮኸብኝ። ጮኸብኝ ያልኩዎት ሰው ደግሞ እጮኛዬ ነው። ይኸው ሦስት ሳምንታችን፣ አንነጋገርም። አሁን ቡድኑ ሶፍትዌር እንግዛ እያለ ነው። አንዱ ጂራ ይላል፣ አንዱ ትሬሎ ይላል፣ አንዷ ደብተር ይበቃናል ትላለች። የቱን እንምረጥ?»

እህቴ፣ የእጮኛሽን ነገር እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን እንጨርስ።

እነማን ናቸው?

ጂራ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ነው። ስሙ የመጣው ጎጂራ ከሚባለው የጃፓን ፊልም ግዙፍ አውሬ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ሶፍትዌር ሠሪዎች የፕሮግራም ስህተቶችን እንዲከታተሉበት ነበር። ለእነሱ ሥራ ወደር የለውም። ለሰባት ሰውና ለስምንት ፈረስ ግን... ዶሮ ለመስበር በሬ የሚታረድበትን ካራ መሳል ነው!

ትሬሎ በ2011 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ2017 ጂራን የሚሠራው ኩባንያ አትላሲያን በ425 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ» የሚሉ ረድፎች አሉ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ይሆንና ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሻገራል። ሐሳቡ የጃፓኖቹ የቶዮታ ፋብሪካ «ካንባን» ነው። እዚያ ካርዱ ካልመጣ ዕቃው አይሠራም።

ደብተርስ? ደብተር አትናቁ! ባትሪ አይጨርስም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ችግሩ አንድ ነው፤ ደብተሩ ሮቤ ካለ ዲንሾ ያለው ሰው አያየውም።

ከቀይ ቀበሮዎቹ እንማር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መልሱ ከደጃችሁ ነው ያለው፣ ከዌብ ሸለቆ። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተዛመተ። የሸለቆው ቀበሮዎች አብዛኞቹ አለቁ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የለም! ታዲያ ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? በዚያ ሰፊ ተራራ ላይ ሁሉንም ቀበሮ እያሳደዱ መከተብ የሚሞከር አይደለም። ሸለቆውን ከሌሎቹ የቀበሮ ሠፈሮች ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች አካባቢ የሚኖሩትን ለይተው ከተቡ። የተከተቡት 70 ገደማ ብቻ ናቸው። በሽታው ግን ወደ ሌላው ሳይሻገር ቆመ። ጥናቱም በ2006 ኔቸር በተባለው ስመ ጥር መጽሔት ላይ ወጣ።

ገባችሁ? ሁሉንም ነገር አትጠብቁ፤ መተላለፊያውን ጠብቁ! የቡድን ሥራ የሚበላሸው አንድ ሰው እጁ ላይ ባለበት ሰዓት አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ነው። ይህች ልጅ ፈረስ ማዘዝ ታውቅበታለች። እጮኛዋም መልእክት መጻፍ አላቃተውም። የጠፋው በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ «ምን ምን ይሠራል?» ብላችሁ ሶፍትዌር አትምረጡ። «አሁን ማን ይዞታል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ እይታ የሚመልስላችሁን ምረጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ጥያቄ

1. ከቡድናችሁ ደካማው ስልክ ላይ ይከፈታል? የአለቃው ላፕቶፕ ላይ ቢያምር ምን ዋጋ አለው! ሾፌሩ ካልከፈተው ሶፍትዌሩ የለም ማለት ነው።

2. ኔትወርክ ሲጠፋስ? መንገዳችሁ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ ሆኖ ኢንተርኔት መጠበቅ ምን ይሉታል? በሰኔ 2012 መጨረሻ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳምንታት መቆየቱን አትርሱ። የትሬሎ የስልክ አፕ ያለ ኔትወርክ የጻፋችሁትን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። የጉግል ሺትም እንዲሁ፤ ግን ፋይሉን አስቀድማችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ አለባችሁ። የጉዞው ዋና ዋና ነገር በወረቀት ተጽፎ መሪው ኪስ ይግባ። አታፍሩበት!

3. ሰዓቱ የማን ነው? ይሄ ሳቅ ይመስላል፣ ግን ሰው ያጣላል። ሶፍትዌሩ 9:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። የእኛ ሾፌር ግን 9 ሰዓት ብሎ ምሳውን በልቶ ከሰዓት ቢመጣ ማን ይከሰሳል? ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ካርዱ ርዕስ ላይ «ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። በኦሮምኛ የሚቀለው ካለ በኦሮምኛ ይጻፍለት።

4. ዋጋው እንዴት ይቆጠራል? ብዙዎቹ በነፍስ ወከፍ፣ በየወሩ፣ በዶላር ያስከፍላሉ። ለአንድ ሰው በወር 10 ዶላር ቢሆን ለሰባታችሁ በዓመት 840 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ በብር ስንት እንደሚሆን ለከርሞ አታውቁትም። የሚከፍል ካርድስ ማን አለው? ነፃውን እስከ ጥጉ ሳትጠቀሙ ገንዘብ አታውጡ።

5. ብንለቅ ንብረታችንን ይዘን እንወጣለን? የእንግዶች ስምና የሒሳብ ታሪክ በፋይል ተገልብጦ የማይወጣ ከሆነ ይቅርባችሁ።

እኔ ብሆን

ለሰባት ሰው ትሬሎን በነፃ፣ እሱ ከከበደ አንድ የጉግል ሺት እመርጣለሁ። በአንድ ጉዞ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። ሦስት ሕግ ግን ይኑራችሁ። አንደኛ፣ በአንድ ካርድ ላይ አንድ ስም ብቻ፤ «ሁላችንም» የሚባል ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ ያልሰፈረ ሥራ አልታዘዘም፤ ቴሌግራሙ ለአርሴናልና ለኬኩ ይሁን። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ «ይዤዋለሁ» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ሥራው ገና የሰጪው ነው። ፈረስ የሚያከራዩአችሁ አባት ስማርት ስልክ ከሌላቸው ደግሞ ካርዱ የሚያልቀው ተደውሎላቸው «እሺ ልጄ፣ አመጣለሁ» ሲሉ ነው።

ስለ እጮኛሽ

እህቴ፣ በሦስተኛው ሕግ ከሄድን የዚያን ቀን ፈረሱ በእሱ እጅ ነበር። መልእክት ወርውሮ ተኛ እንጂ አላስረከበም። አንቺም ብትሆኚ ጉዞ ሊነሳ ሲል «የቀረ ነገር አለ?» ብለሽ መጠየቅ አይከፋሽ። እንግዳ ፊት መጮኹ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ምንም ሶፍትዌር አያስተካክለውም። ይቅርታው በቴሌግራም ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ቡና ተፈልቶ ይሁን። እሱ እስኪጀምር አትጠብቂ፤ ጥሪው ካንቺ ይምጣ፣ ይቅርታው ከእሱ። ለጊዜውም ቢሆን አንዳችሁ ለሌላው ሥራ አትስጡ፤ በመካከላችሁ ሦስተኛ ጓደኛ ካርዱን ያሻግር። የሰባት ሰው እንጀራ በሁለት ሰው ኩርፊያ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

እናንተስ አንባቢዎቼ? ዛሬ ማታ ከጓደኞቻችሁ ጋር የጀመራችሁትን ሥራ አስቡና «አሁን ማን ይዞታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ስም ከተጠራ ወይም ዝም ከተባለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ተነጋገሩ።

በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!