በህዋሳችን በር፦ ከሜልቦርን የጀርም ምርምር

ሜልቦርንን በፉትስክሬይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የምናውቃት ብዙ ነን። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ፓርክቪል ሰፈር ግን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ይዘዋል፦ ጀርም ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላ በምን ይኖራል? ያገኙት መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በእኛው ህዋስ መሣሪያ።

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ተመራማሪው ማክፋርሌን በርኔት በሜልቦርኑ ዋልተር እና ኤሊዛ ሆል ተቋም ሆኖ፣ ኤድዋርድ ዴሪክ ከብሪዝበን ከላከለት ናሙና የኪው ትኩሳትን አምጪ ለየ። ባክቴሪያው ኮክሲየላ በርኔቲ ተብሎ ስሙን ወርሷል። ህዋሳችን የዋጠውን ጀርም አሲድ ወዳለበት ከረጢት ሰዶ ያሟሟዋል፤ ኮክሲየላ ግን አሲዱ ሲነካው ይነቃል፣ እዚያው ይራባል። በ2000 ከሜልቦርን አኳሪየም ማቀዝቀዣ ማማ ተነስቶ 4 ሰዎችን የገደለው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ያንን ከረጢት ይሸሻል፤ ህዋሱ ፕሮቲን የሚያመላልስባቸውን ጥቃቅን እሽጎች ጠልፎ ቤት ይሠራባቸዋል።

በ1948 የሜልቦርን ሐኪሞች የገለጹት፣ ዛሬ ቡሩሊ የምንለው ቁስል ከሁሉም ይገርመኛል። የባክቴሪያው መርዝ ህዋሱ ፕሮቲን የሚያስወጣበትን በር ይዘጋል። ሥጋ እየተበላ ሕመሙ እምብዛም አይሰማም፤ ታማሚው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

ለእኛ የቀረበው ግን ወባ ነው። በ2018 የዋይ ሆንግ ታም ቡድን፣ በዚያው በበርኔት ተቋም በዋልተር እና ኤሊዛ ሆል፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ወደ ደም ህዋስ የሚገባበትን አንድ በር አሳየ። በሩ ህዋሱ ብረት የሚቀበልበት ፕሮቲን ነው። ቀይ የደም ህዋስ ሲበስል ይህን ፕሮቲን ይጥለዋል፤ ቫይቫክስ ጨቅላ ህዋሳትን ብቻ መምረጡ በዚህ ይገለጣል። በሩን እንዝጋው ቢባል ደም ያለ ብረት አይሠራም። ስለዚህ ክትባት ፈላጊዎች ያነጣጠሩት በሩን በሚይዘው የጥገኛው ፕሮቲን ላይ ነው።

ቫይቫክስ ሌላም በር ይፈልጋል፤ ዳፊ ይባላል። አብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝብ በቀይ የደም ህዋሱ ላይ ዳፊ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ፋልሲፓረም ከተባለው ዝርያ ቀጥሎ ዋናው የወባ አምጪ ነው፤ ይባስ ብሎ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ተገኝቷል። በየት በኩል እንደገባ ገና እየተፈለገ ነው።