ቅኔ ቤት፦ ሽምደዳ የማያወጣበት ትምህርት ቤት

«የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሽምደዳ ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የፊደል ገበታውንና ዳዊቱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳያዩ ፈርደዋል። ካህን፣ መምህር፣ ሊቅ እንዴት እንደሚታነጽ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅኔ ቤትን ይጠይቅ። በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ውስጥ የተማሪው አእምሮ የሚፈተነው እዚያ ነው።

መንገዱ ባጭሩ ይህ ነው። ልጁ ከፊደል ተነሥቶ ንባብ ይማራል፤ 150ውን የዳዊት መዝሙር ይደግማል፤ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያሙንና መልክአ ማርያሙን በቃሉ ያጠናል። ቀጥሎ ቅዳሴ አለ፤ ዜማ ቤት ድጓውና ጾመ ድጓው፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ፣ አቋቋሙ አለ። ከዚያ ቅኔ፣ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ሁሉን ልዝለቅ ያለ ሰው ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እያንዳንዱ ትምህርት ስመ ጥር የሆነበት አገር ስላለው ተማሪው እየዞረ ይማራል፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር። ቅኔ ደግሞ ሦስት ታላላቅ ቤቶች አሉት፦ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ እርባታውንና አገባቡን ይለያል። እስከዚህ ድረስ በቃል መያዝ አለ፤ አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን የያዘው ቃል ብቻውን አያወጣውም። ቅኔ እንዲቆጥር ይታዘዛል፤ ማለትም ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን በግእዝ እንዲናገር። የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ሁለት ቤት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ መምታት፣ ልኩ ለዜማው መስማማት፣ አገባቡ መቃናት፣ የሚጠቅሰው የመጽሐፍ ታሪክ ትክክል መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ሰሙና ወርቁ መገናኘት አለባቸው። አንጥረኛ ወርቁን ሰሙ ቀልጦ በተወው ቅርጽ ውስጥ እንደሚያፈስ፣ ባለ ቅኔም የሚታየውን ነገር ሰም አድርጎ የማይታየውን ምሥጢር ያፈስበታል። ሰሙ ብቻ ካማረ ተረት ነው፤ ወርቁ ብቻውን ከቆመ ደግሞ ስብከት እንጂ ቅኔ አይደለም።

ተማሪው ቀን ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል። ሲመሽ ነገራ ነው፤ የቆጠረውን መጀመሪያ የመምህሩ ረዳት ለሆነው ለአስነጋሪው፣ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ቢደግም ዋጋ የለውም፤ የሌላ ሰው ቢነግር ሌብነት ነው። ጉባኤ ቃናው ሲቀናለት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። እስኪበስል ድረስ በየቀኑ አዲስ ነገር ይወልዳል። በመጨረሻ ሳይዘጋጅ፣ በቆመበት፣ ቅኔ መዝረፍ ይችላል። ይህን ሽምደዳ የሚል ሰው ሌላ ስም ይፈልግ።

ጎጃም ውስጥ በአንድ ቅኔ ቤት ነገራ ላይ የመቀመጥ ዕድል አግኝቼ ነበር። ደበሎ የለበሰ ልጅ ጉባኤ ቃናውን ነገረ። ለእኔ ጆሮ እንከን አልነበረውም። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ዝም አሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «የኔታ፣ ምን ጎደለው?» አላቸው። «ሰሙ አምሯል ልጄ፤ ወርቁ አልመጣም። ነገ ይዘኸው ና» አሉት። አልተቆጡም፤ መልሱንም አልነገሩትም። ልጁ በማግስቱ ሲመለስ የራሱን መልስ ይዞ እንዲመጣ ተዉት። ለእኔ መልካም መምህርነት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን? በማኅሌት የሚቀርብ ቅኔ ለዚያ ቀን የተቆጠረ መሆን አለበት። ባለ ቅኔው የበዓሉን ምሥጢር፣ የመጽሐፉን ታሪክ፣ የዘመኑን ሁኔታና የሕዝቡን ችግር በአንድ ትንፋሽ አያይዞ እግዚአብሔርን ያመሰግንበታል። ለአገልግሎት የሚጠራ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የተቀበለውን እምነት ሳያጎድል ዛሬ ለቆመው ሕዝብ መናገር። ቅኔ የዘለቀ ሰው መጻሕፍት ቤት ሲገባ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ፣ አንድምታው፣ የሚከፈትለትም ሁለት ነገር በአንድ ቃል ማየት ስለለመደ ነው።

የቅኔ መምህርቷን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናስታውስ። ዓይናቸው በልጅነታቸው ጠፋ። ቅኔን ከመምህሩ አባታቸው ተምረው፣ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ሊቃውንት አስተማሩ። በንግግርና በማዳመጥ የሚሰጠው ትምህርት ዓይነ ስውርነትን እንቅፋት አላደረገባቸውም። ጥሪያቸው ከቤታቸው ጀመረ፤ ልጅ አባቱና እናቱ የሚያከብሩትን ነገር ያከብራልና።

ስለ ተማሪው ልመናም አንድ ነገር ልበል። አኮፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚዞረውን ተማሪ ሰው በድህነቱ ብቻ ያየዋል። ብርዱ፣ ረኃቡና በሽታው ብዙ ልጆችን ጎድቷል፤ መከራውን አላሞግስም። ነገር ግን የሀብታም ልጅም የድኻ ልጅም እኩል ለምኖ ይበላል፤ ነገ የንስሐ አባት የሚሆነው ልጅ የሕዝቡን ደጅ በእግሩ ያውቀዋል። ከጎደላት ላይ ቆርሳ የሰጠችውን እናት የሚያውቅ ካህን ለምእመኑ ልቡ አይደነድንም።

ከቅኔ ቤት ወጥተው ሌላ መንገድ የያዙትም አላፈሩበትም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ በግጥምና በተውኔት፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በልቦለድ የሠሩትን ሥራ ያለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸው ማሰብ ይከብዳል።

እንግዲህ ወቀሳዬ ይህ ነው። ቅኔ ሲቀርብ የምታወሩ፣ ስልካችሁን ደቅናችሁ ምሥጢሩን ሳትጠይቁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ባለ ቅኔውን «አባቴ፣ ወርቁ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ከመጽሐፍ የሸመደዳችሁትን ቅኔ የራሳችሁ አስመስላችሁ የምታቀርቡ አገልጋዮች ደግሞ መምህራችሁን ታሳፍራላችሁ። በውጭ አገር ሆናችሁ ልጆቻችሁን በስልክ ውዳሴ ማርያም የምታስጠኑ ወላጆች ጅምራችሁ የተባረከ ነው፤ ትርጉሙንም ጨምሩላቸው፤ ይጠይቁ።

ሁላችንንም የሚመለከት ወቀሳም አለ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ስታጣ፣ ከዚያ መሬት ይተዳደሩ የነበሩ መምህራንና ተማሪዎችም ድጋፋቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውብ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ጉባኤ ቤቶች ግን በሳር ጎጆ ውስጥ በመምህሩ ትዕግሥት ይኖራሉ። ለጉልላት የምናዋጣውን ያህል ለአንድ የቅኔ መምህር ቀለብ ብናዋጣ፣ ነገ በዚያ ጉልላት ሥር ቆሞ የሚያስተምረን ሰው እናገኛለን።