ከአንገት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰነብት ሕመም

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለጋዜጣ የተዘጋጀ)



መስከረም ጠብቶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች በመኪና ይጨናነቃሉ። የጉራጌ ተወላጅ የትም ቢሠራ የትም ቢነግድ ለመስቀል ከወላጆቹ ቤት መቅረት እንደ ትልቅ ጉድለት ይቈጠርበታል። ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው ታላቅ ወንድሜ በወልቂጤ ከተማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በአንድ ዓመት ሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ አንገታቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት መስቀል ወደ ትውልድ መንደራችን የደረሱት ከሁላችንም በኋላ ነው። ክትፎው ቀርቦ ቤተ ዘመዱ ሲጫወት እርሳቸው ጥግ ይዘው ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ አንዲት አሮጊት አክስታችን «ሐኪሙ ቈርጦ አውጥቶልህ የለም እንዴ? ከወጣልህ ወዲያ ደግሞ ምን ያምሃል?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። ከሆስፒታል ሲወጡ የመድኃኒት ወረቀትና የቀጠሮ ቀን ተሰጥቷቸው ነበር እንጂ ሕመሙ ሊሰነብት እንደሚችል ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ወጌሻ ከግቢው ቆሞ አገኘነው።

የአክስታችን ጥያቄ የክፋት ጥያቄ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ቀዶ ሕክምናን እሾህ እንደ መንቀል አድርገን እንመለከተዋለን፤ እሾሁ ከወጣ ሥቃዩም አብሮ ይወጣል ብለን እናምናለን። ነገሩ ግን እንደዚያ ስላልሆነ፣ በቅድሚያ የአንገትን አሠራር ባጭሩ ማየት ይገባናል።

የአንገት አጥንቶች ቊጥራቸው 7 ነው። በአብዛኞቹ መካከል ሐኪሞች ዲስክ የሚሏቸው እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ለስላሳ ክፍሎች አሉ። በውስጣቸው ከአንጐል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ በግራና በቀኝም 8 ጥንድ ነርቮች ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድና ወደ ጣቶች ይወጣሉ። ዲስኩ ሾልኮ ወይም አጥንቱ አብጦ ከነርቮቹ አንዱን ሲጫን ሕመሙ በክንድ በኩል ይወርዳል፤ ኅብለ ሰረሰሩን ሲጫን ደግሞ እጅ ይደንዛል፤ እግርም ይከብዳል። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው ይህን ጫና ማንሣት ነው። አንዳንዴ ከፊት በኩል ገብቶ ዲስኩን ያወጣና ሁለቱን አጥንቶች ያጋጥማቸዋል፤ አንዳንዴም ከኋላ በኩል ጡንቻዎቹን ገልጦ የአጥንቱን ቀዳዳ ያሰፋል። ይህ ሕክምና በአገራችን ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ጋር ተባብሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ግን የታካሚው ቊጥር ጨምሯል። ታክሞ ወደየከተማው የሚመለሰው ሰው እየበዛ ሲሄድ፣ «ለምን ዛሬም ያመኛል?» የሚለውም ጥያቄ አብሮ እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው።

እንግዲህ ጫናው ከተነሣ ሕመሙ ለምን ይቀራል? አንደኛው ምክንያት ነርቭ ቶሎ የማይድን መሆኑ ነው። ክሩ የተጐዳ ነርቭ እንደ ገና ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይራመዳል። አንባቢ ይህን በራሱ ክንድ ላይ ለክቶ ቢያሰላው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ 10 ወር ገደማ እንደሚፈጅ ያገኘዋል። ሁለተኛው፣ በተለይ ከኋላ በኩል ለታከመ ሰው፣ የተገለጡት ጡንቻዎች ራሳቸው ጠባሳ ስላለባቸው ይገታተራሉ። ደግሞም ይህ ሕክምና የክንድን ሕመም የማስታገሡን ያህል የአንገቱን ሕመም አያስታግሥም፤ ኅብለ ሰረሰሩ ለተጫነበት ሰውም ብዙውን ጊዜ ዋናው ዓላማ ጉዳቱ እንዳይብስ ማገድ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሕመምተኛ ሕክምናው የተበላሸበት ይመስለዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚረቅ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1944 በኢጣልያ አገር በአንዚዮ ጦር ግንባር ከባድ ቊስል የደረሰባቸውን ወታደሮች ሲመረምር፣ ብዙዎቹ የሥቃይ ማስታገሻ አለመፈለጋቸውን አይቶ ተደነቀ። የቊስሉ ትልቅነትና የሕመሙ ትልቅነት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ማለት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ሥርዓት አለ የሚል አሳብ አቀረቡ። አሳባቸው በኋላ በብዙ ዝርዝር ቢታረምም መሠረቱ እስካሁን ይጠቅመናል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለመረዳት የሚያስቸግረን አይመስለኝም። በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ያለውን ዘበኛ እናስብ። ከላይ «አንድ ባለጉዳይ እንዳይቀር አስገባ» የሚል ትእዛዝ ከደረሰው ትንሹም ትልቁም ጉዳይ ከሹሙ ጠረጴዛ ይደርሳል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኀዘንና ሥራ ፈትቶ መቀመጥ በሩን የሚያስከፍቱ ትእዛዞች ናቸው። ረጋ ያለ እንቅስቃሴ፣ ሙቀት፣ ጥሩ እንቅልፍና የልብ ማረፍ ደግሞ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ለወራት ሲከፈት የኖረ በር ኋላ ጥቂት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል፤ ስለዚህ ሕመሙ የእውነት ሕመም ሆኖ ሳለ፣ አንገቱ ዛሬም እየተጐዳ ነው ማለት ግን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ3 ወር በላይ የሚሰነብት ሕመም የራሱ ስም ተሰጥቶት ተመዝግቧል። እንግዲህ «ያስመስላል» ለሚል የሥራ ባልደረባ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

አሁን ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ። ብዙዎቻችን «እንዴት ነዎት?» ስንባል «ያመኛል» ብለን ዝም እንላለን። አማርኛችን ግን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ቋንቋ ነውና በቃላቱ ብንጠቀም ሐኪሙን እጅግ እንረዳዋለን። «ያቃጥለኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «እንደ መርፌ ይወጋጋኛል» የሚል ሰው የነርቭ ሕመም እንዳለበት ያመለክታል። «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ጨምድዶ ይይዘኛል» የሚለው ደግሞ የጡንቻን መገታተር የሚገልጥ ነው። «ስነሣ ይቈረጥመኛል፣ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል» ማለትም ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው። በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚጀምር፣ እስከ የትኛው ጣት እንደሚወርድ በወረቀት ጽፎ መሄድ መልካም ነው። ጋሼ ይህን ያደረጉት በሁለተኛው ቀጠሮ ነው፤ በመዝገብ ቤት ሰው ጥንቃቄ የሁለት ሳምንት ዝርዝር ይዘው ስለ ቀረቡ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ለወጠላቸው።

ይህ ልዩነት የሚጠቅመው መድኃኒቱ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዙት አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው፤ በጥቂት መጠን ማታ ይወሰዳል። መድኃኒቱ ለድብርትም የሚሰጥ በመሆኑ «እብድ አደረጉኝ እንዴ?» ብለው የሚቀየሙ ሰዎች አሉ፤ ቅያሜው ግን ያለ ቦታው ነው። ጥቅሙ ከሳምንታት በኋላ ስለሚታይ በ3ኛው ቀን መተው አይገባም፤ ለረጅም ጊዜ ከወሰዱትም በኋላ ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከየመድኃኒት ቤቱ እየገዙ ወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጐዳል፤ የደም ግፊትንም ያስነሣል። ፓራሲታሞል እንኳ ከ500 ሚሊግራሙ በቀን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ትራማዶል ደግሞ ልማድ ስለሚሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መነካት የለበትም።

ስለ ወጌሻው ልመለስ። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ይህን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ብረት የገባበትን ወይም አጥንቱ ገና ያልተጋጠመ አንገት መጠምዘዝና ማሸት ኅብለ ሰረሰሩን ሊጐዳ ይችላል፤ ከዚያ የተነሣ እጅና እግር ቢሰናከል መመለሻ የለውም። እኛም የዚያን ዕለት ወጌሻውን ቡና ጠጥቶ እንዲሄድ አደረግነው። ጸሎቱም ዱዓውም፣ የዘመድ አይዞህ ባይነትም ይጠቅማል፤ እጅ ብቻ አንገት ላይ እንዳያርፍ።

ሥራን በተመለከተ ዋናው ስሕተት ሁለት ጽንፍ ይዞ መመላለስ ነው። ሕመምተኛው ደኅና ቀን ሲያገኝ የሳምንቱን ፋይል በአንድ ቀን ልጨርስ ይላል፤ በማግሥቱ ይተኛና ሦስት ቀን አይነሣም። እንዲህ ሲመላለስ ሰውነቱ ይደክማል፤ ተስፋውም ያልቃል። የሚሻለው ሥራውን በሕመሙ ሳይሆን በሰዓት መለካት ነው። ሳያም 30 ደቂቃ መቀመጥ የሚችል ሰው 20 ደቂቃ ሲሆነው ተነሥቶ ኮሪደሩን ይመላለስ፤ ደኅና ቀንም ቢሆን ከዚህ አይለፍ፤ መጠኑን ቀስ በቀስ በየሳምንቱ ይጨምር። የኮምፒዩተሩ መስታወት ከዓይን ትይዩ ይሁን፤ ማስቀመጫ ከጠፋ ያገለገሉ መዛግብት ይበቃሉ። ስልክን በትከሻና በጆሮ መካከል አጣብቆ መጻፍ ለጤነኛም አይበጅም። የአንገት መደገፊያ ሐኪሙ ካዘዘው ጊዜ በላይ ቢታሠር ጡንቻውን ያሰንፈዋል። ሲጋራም አጥንቱ እንዳይጋጠም ስለሚያውክ መተው አለበት። የየዕለቱ የእግር ጕዞ ከብዙ ኪኒን ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቢሮ ወደ ቤት በባጃጅ በኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጩ ከመሄድ በእግር መሄድ የሚቻል ከሆነ ሁለት ጥቅም አለው።

የልብ ሕመምም ከዚህ አይለይም። ሕመሙ ሲሰነብት እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰው ከሰው መቀላቀል ይጠላል፤ ከዚያም ድብርት ይከተላል። ቡታጅራ በዚህ ረገድ የታወቀች ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በአካባቢው የጀመረው የጤና ጥናት ኋላ የአእምሮ ጤንነትንም በሰፊው መርምሯል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ስለ መንፈስ ጭንቀት መናገር በዚያች ከተማ ነውር ሊሆን አይገባም።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። እጅ ወይም እግር አዲስ ድካም ሲያሳይ፣ እርምጃ ሲንገዳገድ፣ ሽንትና ሰገራ አልታዘዝ ሲል፣ ትኩሳት ሲነሣ ወይም ከቊስሉ ፈሳሽ ሲወጣ፣ መዋጥ እየከበደ ሲሄድ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የወልቂጤ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም ወደ አጣጥ፣ የቡታጅራ ሰው ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ይሂድ እንጂ፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ካላየኝ ብሎ ሌሊቱን አይጠብቅ።

ለመስቀል ለሚጓዝ ሕመምተኛም ጥቂት ልጨምር። ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ የወንበሩ ራስ መደገፊያ ከጭንቅላቱ ይድረስ፤ በየሰዓቱ ወርዶ ይራመድ፤ ሻንጣውን ሌላ ሰው ይያዝለት። ከደረሰም በኋላ አንገት እየሳበ የሚስመው ዘመድ ብዙ ነውና፣ አስቀድሞ አንድ የቤተ ሰብ ሰው «በእጅ ብቻ ሰላም በሉት» ብሎ ያስጠንቅቅለት። ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት መስቀል እንዲሁ አድርገው መጡ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ቀኝ አውራ ጣታቸው ዛሬም ይደነዝዛል። ክትፎውን ግን በግራ እጃቸው በሉ፤ አክስታችንም በዚያ ተቈጧቸው።